የውጭ መስፈርትና የውስጥ ግፊት
(የዩክሬን ሲቪክ ማኅበራት ሕግ አውጪዎችን ስለሚያስገድዱበት መንገድ የቀረበ የጥናት ጽሑፍ)

መግቢያ

አንድ አገር ወደ አንድ አካባቢያዊ ኅብረት ለመግባት ማመልከቻ ስታቀርብ ጉዳዩ የመሪዎችና የዲፕሎማቶች ብቻ ይመስላል። በየጋዜጣው የምናየው ፎቶግራፍም የመሪዎችን መጨባበጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ጥያቄውን ከሌላ ወገን ለመመርመር እንሞክራለን። ይኸውም፦ ኅብረቱ የሚጠይቀው መስፈርት በወረቀት ላይ እንዳይቀር የሚታገለው ማን ነው? የሕዝብ እንደራሴዎች ማሻሻያዎቹን እንዲያጸድቁ የሚያደርጋቸውስ ምን ዓይነት ኃይል ነው?

ለጥናታችን የመረጥነው ምሳሌ ዩክሬን ናት። ለማነጻጸሪያም የጆርጂያን ሁኔታ ባጭሩ እናነሣለን። ዩክሬንን የመረጥንባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሂደቱ ከ10 ዓመት በላይ የቆየ በመሆኑ ደረጃ በደረጃ ለመከታተል ይመቻል። ሁለተኛ፣ ድልም ሽንፈትም የታየበት በመሆኑ ከሁለቱም መማር ይቻላል። ሦስተኛ፣ አገሪቱ ከ2022 ወዲህ ሙሉ ጦርነት ውስጥ ሆና ሳለ የማሻሻያው ጥያቄ አለመቆሙ፣ በየአገሩ የሚደመጠውን «አሁን ጊዜው አይደለም» የሚለውን ክርክር ለመፈተን ይረዳናል። ዓመተ ምሕረቱ፣ ካልገለጽን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሀ. ኅብረቱ የሚጠይቀው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ አካባቢያዊ ኅብረት ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን መገንዘብ ያሻል። የአፍሪካ ኅብረት መቋቋሚያ ሰነድ እንደሚለው፣ አንድ የአፍሪካ መንግሥት ለመግባት ፍላጎቱን ሲያሳውቅ አባል አገሮች በአብላጫ ድምፅ ይወስናሉ። የአመልካቹን የፍርድ ቤትና የግዢ ሕግ ምዕራፍ በምዕራፍ የሚመረምር አካል የለም። በምንማርበት አካባቢ ያለው የባሕረ ሰላጤው የትብብር ምክር ቤት ደግሞ በ1981 በ6 መንግሥታት ተቋቁሞ ከዚያ ወዲህ ሌላ አባል አልጨመረም።

የአውሮፓ ኅብረት አሠራር ከዚህ ይለያል። አባል አገሮቹ በ1993 ኮፐንሀገን ላይ ባደረጉት ስብሰባ ለአመልካች አገሮች ሦስት ዐበይት መስፈርቶችን አወጡ። የመጀመሪያው ዴሞክራሲን፣ የሕግ የበላይነትን፣ ሰብዓዊ መብትንና የአናሳ ብሔረሰቦችን መብት የሚያስጠብቁ የጸኑ ተቋማት መኖር ነው። ሁለተኛው የሚሠራ የገበያ ኢኮኖሚ ነው። ሦስተኛው የአባልነትን ግዴታ የመሸከም ችሎታ ነው። ድርድሩ በ35 ምዕራፎች የተከፋፈለ ሲሆን ምዕራፎቹ ከ2020 ወዲህ በ6 ዘርፎች ተመድበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ፍርድ ቤትን፣ መሠረታዊ መብቶችንና የመንግሥት ግዢን የሚያጠቃልለው «መሠረታውያን» የተባለው ዘርፍ ቀድሞ ይከፈታል፤ የሚዘጋውም ከሁሉ በኋላ ነው። በየደረጃው የ27ቱም አባላት ስምምነት ያስፈልጋል።

ለጥናታችን ቁልፍ የሆነው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከመስፈርቶቹ አብዛኞቹ በሕግ እንጂ በመግለጫ አይሟሉም። ሕግ የሚያወጣው ደግሞ ምክር ቤት ነው። የዩክሬን ምክር ቤት፣ ማለትም ቬርሆቭና ራዳ፣ በሕገ መንግሥቱ 450 መቀመጫ አለው፤ አንድ ሕግ ለማጽደቅ 226 ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፈተናው ከብራስልስ ቢላክም የሚጻፈው በኪየቭ ነው። ተፈታኞቹም ስምና የምርጫ ወረዳ ወይም ፓርቲ ያላቸው፣ ነገ ተመልሰው ድምፅ የሚለምኑ ሰዎች ናቸው። ተራው ዜጋ ሊይዛቸው የሚችለው በዚህ በኩል ነው።

ለ. ከአደባባይ ወደ ምክር ቤት

በኅዳር ወር 2013 የዩክሬን መንግሥት ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ሊፈራረም የነበረውን የትብብር ውል በድንገት አቆመ። በመጀመሪያ አደባባይ ከወጡት ውስጥ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ኅዳር 30 ሊነጋ ሲል ፖሊስ እነዚህን ወጣቶች ደበደበ። በማግሥቱ ወላጆችና ሠራተኞች ተከትለዋቸው ወጡ። እስከ የካቲት 2014 በዘለቀው ትግል ወደ 100 የሚጠጉ ሰልፈኞች ሲገደሉ ፕሬዚዳንቱ የካቲት 22 ከሥልጣን ተወገደ። ውሉም በዚያው ዓመት በመጋቢትና በሰኔ በሁለት ክፍል ተፈረመ።

ብዙ ንቅናቄዎች እዚህ ላይ ያበቃሉ። ሕዝቡ መስዋዕትነት ከፍሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የሕግ ረቂቅ የማዘጋጀቱ ሥራ ግን ለነባሮቹ ቢሮክራቶች ይቀራል። የዩክሬን ሲቪክ ማኅበራት ይህን አደጋ ቀድመው ተገነዘቡ። በ2014 መጀመሪያ ላይ በርካታ ድርጅቶች «የተሐድሶ ማነቃቂያ ጥቅል» የሚል ትርጉም ያለው ጥምረት አቋቋሙ። ጥምረቱ የሥራ ክፍፍል አደረገ። ስለ ፍርድ ቤት የሚያውቁት ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ምርጫ የሚያውቁት ስለ ምርጫ፣ ስለ በጀት የሚያውቁት ስለ በጀት በቡድን ተቀምጠው ረቂቅ ጻፉ። ረቂቁን ይዘው ወደ ምክር ቤቱ ኮሚቴዎች ሄዱ። የትኛው እንደራሴ ደገፈ፣ የትኛው ተቃወመ፣ የትኛው ድምፅ ሲሰጥ ከአዳራሽ ወጣ የሚለውን መዝግበው ለሕዝብ አሳወቁ።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ2011 የተነሣ «ቼስኖ» የተባለ ንቅናቄም ነበር። ቃሉ «በሐቀኝነት» ማለት ሲሆን በቋንቋቸው ነጭ ሽንኩርት ከሚባለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ነጭ ሽንኩርትን ምልክቱ አድርጎ ያዘ። ቼስኖ ከታገለባቸው ነገሮች አንዱ ጥቃቅን መስሎ የሚታይ ነገር ነው። አንዳንድ እንደራሴዎች በሌሉ ጓደኞቻቸው ወንበር እየዞሩ የድምፅ መስጫውን ቁልፍ ይጫኑ ነበር። አንድ ሰው በአምስት ሰው ስም ሕግ ያጸድቃል ማለት ነው። ማኅበራቱ ይህን በፎቶግራፍና በፊልም ቀርጸው አጋለጡ፤ በ2019ም ድርጊቱ በወንጀል የሚያስቀጣ እንዲሆን ተደነገገ።

የዚህ ሥራ ፍሬ በተከታታይ ታይቷል። በጥቅምት 2014 ብሔራዊ የፀረ ሙስና ቢሮን የሚያቋቁመው ሕግ ጸደቀ። በ2016 የመንግሥት ግዢና ጨረታ ለማንም ዜጋ በሚታይ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ እንዲካሄድ ግዴታ ሆነ። በ2018 የከፍተኛው የፀረ ሙስና ፍርድ ቤት ሕግ ወጣ፤ ፍርድ ቤቱም በመስከረም 2019 ሥራ ጀመረ። ከእነዚህ አንዱም ቢሆን በእንደራሴዎቹ መልካም ፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም።

ሐ. ሁለት ተጨባጭ ምሳሌዎች

1ኛ. የሀብት ምዝገባ። ባለሥልጣናት ሀብታቸውን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድደው ሥርዓት በ2016 ሥራ ጀመረ። ዩክሬናውያን ያለ ቪዛ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመግባት እንዲችሉ ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። መዝገቡ ሲከፈት ሕዝቡ የእንደራሴዎቹን የጥሬ ገንዘብ ክምር አይቶ ተገረመ። አጸፋው ግን ወዲያው መጣ። በመጋቢት 2017 ምክር ቤቱ የፀረ ሙስና ተሟጋቾች ራሳቸው እንደ ባለሥልጣን ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ግቡ ጠያቂውን ተጠያቂ አድርጎ ማሰልቸት ነበር። ይህ ሕግ የተሻረው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2019 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው።

የሩስያ ወረራ በየካቲት 2022 ሲጀምር የሀብት ምዝገባው ግዴታ ተቋረጠ። ዩክሬን የካቲት 28 ቀን 2022 የአባልነት ማመልከቻዋን አቅርባ ሰኔ 23 ዕጩነት ሲሰጣት 7 የማሻሻያ እርምጃዎች እንድትወስድ ተነገራት። መስከረም 5 ቀን 2023 ራዳ ምዝገባውን የሚመልስ ሕግ አጸደቀ። በሕጉ ውስጥ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረ፤ መዝገቡ ለተጨማሪ አንድ ዓመት ለሕዝብ ዝግ ሆኖ ይቆያል ይል ነበር። ላይ ላዩን ላነበበ ሰው መስፈርቱ ተሟልቷል። ማኅበራቱ ግን አንቀጹን አንብበው ነበርና ለፕሬዚዳንቱ አቤቱታ ከፈቱ። ለመልስ የሚያስፈልገው 25,000 ፊርማ ሲሆን ከ80,000 በላይ ሰው ፈረመ። መስከረም 12 ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ሳይፈርም መለሰው፤ መስከረም 20 ራዳ መዝገቡን ክፍት አድርጎ እንደገና አጸደቀ። ሁሉም የሆነው በ15 ቀን ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ልናስተውል የሚገባን ነገር አለ። አቤቱታው «ሙስና ይውደም» የሚል አጠቃላይ መፈክር አልነበረም። ይህ አንቀጽ ይውጣ፣ መዝገቡ ይከፈት የሚል፣ በአንድ ድምፅ አሰጣጥ ሊፈጸም የሚችል የተወሰነ ጥያቄ ነበር። የተወሰነ ጥያቄ የተወሰነ መልስ ያስገድዳል። አጠቃላይ ጥያቄ ግን ለአጠቃላይ ተስፋ በር ይከፍታል።

2ኛ. የሐምሌ 2025 ክስተት። ሐምሌ 22 ቀን 2025 ራዳ የፀረ ሙስና ቢሮውንና የልዩ ዐቃቤ ሕጉን መሥሪያ ቤት ነጻነት የሚነጥቅ ሕግ በ263 ድምፅ አጸደቀ። ሕጉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የምርመራ መዝገቦችን ከቢሮው እየወሰደ ለሌላ እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር። ማሻሻያው የገባው በመጨረሻው ሰዓት፣ በጦርነት ጊዜ የጠፉ ሰዎችን ጉዳይ ስለመመርመር በቀረበ ረቂቅ ውስጥ ተሸጉጦ ነው። ፕሬዚዳንቱም በዚያው ምሽት ፈረመበት።

የጦርነት ጊዜ ደንብ የአደባባይ ስብሰባን ይገድባል። ሆኖም በዚያው ሌሊት በኪየቭ፣ በልቪቭ፣ በድኒፕሮና በኦዴሳ ሕዝብ ወጣ። ብዙዎቹ በ2013 ገና ሕፃናት የነበሩ ወጣቶች ነበሩ፤ በካርቶን ቁራጭ ላይ የሕጉን ቁጥር ጽፈው ይዘው ወጡ። የጦር ጉዳተኞችም አብረው ነበሩ። የኅብረቱ ባለሥልጣናት ሕጉ የመግቢያውን ሂደት የሚጎዳ መሆኑን ተናገሩ። ሐምሌ 31 ራዳ የተቋማቱን ነጻነት የሚመልሰውን ሕግ በ331 ድምፅ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ አጸደቀ። ብዙዎቹ እንደራሴዎች በዘጠኝ ቀን ልዩነት ለሁለቱም ሕጎች «ይሁን» ብለዋል። የተለወጠው ከውጭ የቆመው ሰው ቁጥር ነበር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረታችን እዚህ አልሠራም። የጮኹት ጅቡ ከደጅ ሳይርቅ ነው። ይህን ያስቻላቸውም በየዕለቱ የምክር ቤቱን አጀንዳ የሚያነቡ፣ ረቂቁን ከረቂቅ የሚያስተያዩ ማኅበራት አስቀድመው መኖራቸው ነው።

መ. የጆርጂያ ተቃራኒ ትምህርት

የውጭ መስፈርት ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ጆርጂያም በዚያው መንገድ በሄደች ነበር። የሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 78 የመንግሥት አካላት ወደ አውሮፓ ኅብረት ለመግባት ሁሉንም እርምጃ እንዲወስዱ ያዝዛል። በ2022 ማመልከቻ አቀረበች፤ 12 ቅድሚያ ጉዳዮችም ተሰጧት። ከነዚህ አንዱ ሲቪክ ማኅበራትን በውሳኔ አሰጣጥ ውስጥ ማሳተፍ ነበር። በመጋቢት 2023 ምክር ቤቱ ከውጭ ከ20 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኙ ማኅበራትን እንደ ባዕድ ወኪል የሚያስመዘግብ ረቂቅ በመጀመሪያ ንባብ አጸደቀ፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ አስወደቀው። በታኅሣሥ 2023 አገሪቱ ዕጩነት አገኘች። በሚያዝያ 2024 ግን ያው ረቂቅ ጥቂት የስም ለውጥ ተደርጎበት ተመልሶ መጣ። ከፍተኛ ሰልፍ ቢደረግም፣ ፕሬዚዳንቷ ሳትፈርም ብትመልሰውም፣ ገዢው ፓርቲ በአብላጫ ድምፁ ግንቦት 28 አጸና። ኅዳር 28 ቀን 2024 መንግሥት የመግቢያ ድርድሩን ጉዳይ እስከ 2028 መጨረሻ እንደማያነሣ አስታወቀ።

በጆርጂያ የጎደለው የሕዝብ ጀግንነት አልነበረም። የጎደለው በምክር ቤቱ ውስጥ ድምፁን የሚፈራ፣ በሰልፉ የሚናወጥ እንደራሴ ነው። አንድ ፓርቲ ምክር ቤቱን በሙሉ ሲጨብጥ የውጭ መስፈርትም የውስጥ ጩኸትም መያዣ ያጣል።

ይህ ዓይነቱ ሕግ ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም። በ2009 (በእኛ አቆጣጠር 2001) የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። አዋጁ በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ በአገራችን የመብት ማኅበራት ተመናምነው ቆይተዋል። ስለዚህ የትብሊሲን ጉዳይ ስናነብ የሩቅ ታሪክ አድርገን ልንወስደው አንችልም።

ሠ. ሦስት ክርክሮች

አንዳንዶች «በውጭ መስፈርት ሕግ ማውጣት ሉዓላዊነትን መሸጥ ነው» ይላሉ። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ጥያቄውን በተጨባጭ እንመልከተው። ባለሥልጣን ሀብቱን ለገዛ ሕዝቡ ያሳውቅ ማለት የሚጠቅመው ማንን ነው? ጨረታ በግልጽ ይሁን ማለትስ? ይህን ዩክሬናውያን ራሳቸው ሲጠይቁት የኖሩ ነገር ነው፤ መስፈርቱ ያደረገው የጥያቄያቸውን ክብደት መጨመር ነው። ከብራስልስ የሚመጣ ነገር ሁሉ ለሕዝብ ይበጃል ማለታችን ግን አይደለም። የእርሻና የንግድ ምዕራፎች አትራፊም ከሳሪም ይኖራቸዋል። ማኅበራቱ ሊፈተኑ የሚገባው ይህንንም ለሕዝቡ በግልጽ በመናገራቸው ነው።

ሁለተኛው ክርክር «ማንም ያልመረጣቸው፣ በውጭ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ የከተማ ምሁራን ናቸው» የሚል ነው። ይህም ከፊል እውነት አለው። ብዙዎቹ ማኅበራት የሚንቀሳቀሱት ከውጭ በሚገኝ እርዳታ ነው፤ ማዕከላቸውም ኪየቭ ነው። ድክመቱን የሚያርመው ግን ማኅበራቱን ማፈን አይደለም። ሒሳባቸውን በይፋ ማሳየት፣ አባላትን ከገጠርና ከትናንሽ ከተሞች መመልመል፣ ከሠራተኛና ከገበሬ ማኅበራት ጋር መተባበር ነው። የ2023ቱ 80,000 ፊርማ ክብደት ያገኘውም ከማኅበራቱ ጽሕፈት ቤቶች ውጭ ባለው ሰው ነው።

ሦስተኛው «አገር በጦርነት ላይ ሳለች የመንግሥትን ጉድለት ማውጣት ጠላትን መርዳት ነው» የሚል ነው። የ2025ቱ ሰልፈኞች መልስ አጭር ነበር። ወንድሞቻቸው በግንባር የሚሞቱለት ነገር ከኋላቸው እንዳይሰረቅ ነው የወጡት። ተሰርቆ የተበላ የጥይት ገንዘብ ከጠላት እኩል ይገድላል።

ረ. ከዚህ የምንማረው

ከላይ ከተዘረዘረው አራት ነጥቦችን እናወጣለን።

አንደኛ፣ የውጭ መስፈርት እንደ መፈንቅል ነው። ድንጋዩን የሚያነሣው ግን የያዘው እጅ ነው። የተደራጀና ጉዳዩን የሚያውቅ ሕዝብ በሌለበት መስፈርቱ ወይ በወረቀት ይሟላል፣ ወይ ይረሳል።

ሁለተኛ፣ የመግቢያው በር ራሱ የጊዜ ገደብ አለው። ቡልጋሪያና ሮማኒያ በ2007 ሲገቡ የፍርድ ቤት ማሻሻያቸው ገና ስላላለቀ እስከ 2023 ልዩ ክትትል ተደርጎባቸዋል። በ2004 የገባችው ሃንጋሪ ደግሞ በሕግ የበላይነት ጉድለት ምክንያት በታኅሣሥ 2022 6.3 ቢሊዮን ዩሮ ታግዶባታል። ከገቡ በኋላ ግፊቱ ይላላል፤ ጠባቂ ሆኖ የሚቀረው የአገሩ ሕዝብ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ በሩ ያለ አመልካቹ ጥፋትም ሊዘጋ ይችላል። ከዩክሬን ጋር ድርድሩ በሰኔ 2024 በይፋ ቢጀመርም በሃንጋሪ ተቃውሞ ምክንያት እስከ 2025 መጨረሻ አንድም ዘርፍ አልተከፈተም። ማሻሻያውን ለኅብረቱ ሲል ብቻ የጀመረ ሰው በዚህ ጊዜ ሥራውን ያቆማል። ለራሱ ሲል የጀመረ ግን ይቀጥላል። በዚህ ጥናት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ይህ ይመስለናል።

አራተኛ፣ ሕግን ማንበብ ራሱ ትግል ነው። በ2023 ድሉን ያስገኘው አንድ አንቀጽ በጊዜው የተነበበ መሆኑ ነው። እኛ በውጭ አገር የምንማር ተማሪዎች ሕግም አጠናን፣ ምሕንድስናም አጠናን፣ ሕክምናም አጠናን፣ ወደ አገራችን ስንመለስ በየሙያችን የሚወጣውን ረቂቅ አዋጅ አንብበን ለእንደራሴው «ይህ መስመር ይስተካከል» ለማለት መዘጋጀት ይገባናል። ለዚህ የመንግሥት ሥልጣን አያስፈልግም። ያልታከተ ዓይንና አብሮ የሚቆም ማኅበር ያስፈልጋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በየጥናት ክበባችን አንድ በሥራ ላይ ያለ የአገራችንን አዋጅ መርጠን እናንብብ። የትኛው አንቀጽ ነው ሕጉን በስም አቁሞ በሥራ የሚያፈርሰው?

2. የዩክሬን እንደራሴዎች በ2025 ሐሳባቸውን ሲለውጡ የጆርጂያ በ2024 ያልለወጡት ለምንድን ነው? ልዩነቱ በሕዝቡ ነው፣ በምርጫው ሥርዓት ነው፣ ወይስ በፓርቲው?

3. አንድ ሲቪክ ማኅበር ከውጭ እርዳታ እየተቀበለ ለገዛ ሕዝቡ ተጠያቂ ሆኖ ለመቆየት ምን ማድረግ አለበት? የእኛ የተማሪዎች ማኅበርስ ሒሳቡን ለአባላቱ የሚያሳየው እንዴት ነው?

4. ለአገራችን የሚያስፈልግ አንድ ማሻሻያ እንምረጥ። ጥያቄውን በአንድ ድምፅ አሰጣጥ ሊመለስ በሚችል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈን ወደሚቀጥለው ስብሰባ እናምጣ።